ቤት መምታት ይቆየን፦ ለልጆች ግጥምን ከየት እንጀምር?

(ለመምህራንና ለወላጆች በተዘጋጀ የምሽት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን መምህራን፣ ወላጆች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣት ገጣሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ! ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላችሁ፣ በዚህ ሰዓት ስለ ልጆች ግጥም ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እግዜር ያክብርልኝ። አዘጋጆቹ ሰዓት ካሳለፍኩ ከፊት ሆነው ወረቀት እንደሚያሳዩኝ ነግረውኛል። እኔም መነጽሬን አውልቄ ኪሴ ከትቻለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «ለልጆች የግጥምን መሠረታዊ ቅርጾች ማስተማር» ይላል። የፈተና ጥያቄ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ወደ አንድ ጥያቄ አሳጥሬው መጣሁ፤ ከየት እንጀምር? ቀለም አለ፣ ሐረግ አለ፣ ስንኝ አለ፣ ምጣኔ (የስንኙ የቀለም ልክ) አለ፣ ቤት መምታት አለ፣ አርኬ (አንድ ሐሳብ የሚጨርስ የስንኞች ክፍል) አለ፣ ዘይቤ አለ። ልጆች ፊት ስንቆም የቱን እናስቀድም?

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «ቤት መምታት» ነው የምትሉት። አብዛኞቻችን የተማርነውም እንደዚያ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «መጣ» ብሎ ይጽፋል፤ «ከዚህ ጋር ቤት የሚመታ ማን ያመጣል?» ይላል። እጅ በእጅ ላይ ይነሣል፤ «ወጣ!» «ጠጣ!» «ቀጣ!» ክፍሉ ይሞቃል፣ መምህሩ ደስ ይለዋል፣ ደወል ይደወላል። በማግስቱ ልጆቹ ግጥም ጽፈው ይመጣሉ።

እኔ ዛሬ የምላችሁ የዚህን ተቃራኒ ነው። ቤት መምታትን መጨረሻ ላይ አስተምሩ። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን ስታኮሳትሩ ስላየሁ እደግመዋለሁ፤ ቤት መምታትን መጨረሻ ላይ አስተምሩ! ተዉት አላልኩም፣ አስቀሩት አላልኩም፤ ይቆይ ነው ያልኩት።

ለምን? እስቲ የአማርኛን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱት። ግሱ የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። ግሱ ደግሞ ማን እንዳደረገው የሚነግር ጭራ አለው። አድራጊዋ እሷ ከሆነች በ«ች» ያልቃል፤ እኛ ከሆንን በ«ን» ያልቃል፤ እኔ ከሆንኩ በ«ኩ» ወይም በ«ሁ» ያልቃል። እንግዲህ ስለ አንዲት ላም አራት ዐረፍተ ነገር የጻፈች ልጅ፣ ወደደችም ጠላችም፣ አራቱንም በ«ች» ትዘጋለች።

ላሜ ሣር በላች፣
ውሃም ጠጣች፣
ወደ ቤት ሄደች፣
እዚያ ተኛች።

ይኸውላችሁ፣ «ገጠመች» ተብሎ ይጨበጨብላታል። እኔ ግን እጠይቃችኋለሁ፤ ማን ነው የገጠመው? ልጅቷ ናት ወይስ ሰዋስው? ሰዋስው ነው የገጠመላት! እሷ የላሟን ውሎ ነው የተናገረችው። አማርኛ ይህን ስጦታ በነጻ ይሰጣል፤ በነጻ የመጣ ነገር ላይ ጭብጨባ ሲጨመርበት ደግሞ ልጁ ግጥም ማለት ይኸው ነው ብሎ ይቀመጣል። ዐዋቂ ሆኖም ከዚያው አይነቃነቅም። ስም አልጠራም እንጂ፣ መድረክ ላይ የምንሰማቸው ስንት ግጥሞች ናቸው ይህችን ላም የሚጎትቱት?

ሌላም ጉዳት አለው። ቤት መምታት ብቸኛው ሕግ ሲሆን ትርጉም ዕረፍት ይወጣል። ሳስተምር በነበረበት ጊዜ አንድ ደፋር ልጅ ነበረ፤ ስለ እኔ ግጥም ጻፈና ክፍሉ ፊት ቆሞ አነበበው።

መምህራችን ጎበዝ ናቸው፣
በጣም ሰፊ ነው ጫማቸው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጫማዬን ታዩታላችሁ፣ ልጁ አልዋሸም። «አንተ፣ ጫማዬ ምን አደረገህ?» አልኩት። «ምንም አላደረገኝም ቲቸር፤ ቤት እንዲመታ ነው» አለኝ። ምንም አላደረገኝም! ቃሉን የመረጠው እሱ አይደለም፤ ቤቱ ነው የመረጠለት። ጎበዝ ያልኳቸው ምን ስላደረጉ ነው ብሎ ለማሰብ ዕድሉን አላገኘም። «ናቸው» ቀድሞ መጥቶ በሩን ዘጋበት።

እሺ፣ ቤት መምታት ይቆይ ካልን ምን ይቅደም? ቅደም ተከተሌ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ቀለም መቁጠር፣ ቀጥሎ ሐረግና ምጣኔ፣ ከዚያ ቤት። ሌላው ሁሉ እግረ መንገዱን ይመጣል።

አንደኛ፣ ቀለም መቁጠር። ቀለም ስል በአንድ ምት ከአፍ የሚወጣውን የድምፅ ቁራጭ ማለቴ ነው። መምህራን ታውቁታላችሁ፤ ወላጆች ግን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ቀለምና ፊደል አንድ አይደሉም። ልጅ ሀሁ እንደ ቆጠረ ሁሉንም በፊደል መቁጠር ይወዳል፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ፊደሉ ነዋ! ግጥም ግን ወረቀት ላይ አይደለም የሚመዘነው።

ይህን ለማስረዳት ከልጆቹ ስም የተሻለ ነገር የለም። ክፍል ውስጥ «ስማችሁን በጭብጨባ ንገሩኝ» እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ቴዎድሮስ የሚባል ልጅና ሰላማዊት የምትባል ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሱ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ፤ ቴ፣ ዎድ፣ ሮስ። እሷ አራት ጊዜ አጨበጨበች፤ ሰ፣ ላ፣ ማ፣ ዊት። ቴዎድሮስ አልተዋጠለትም። ደብተሩን ገልጦ ፊደላቱን ቆጠረ፤ የእሱም አምስት፣ የእሷም አምስት። «እኩል ነን! ለምን እሷ ትበልጠኛለች?» አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ በጣቱ ደብተር ላይ ይቆጥራል፣ ግማሹ ያጨበጭባል። እኔ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ «‹ድ› እና ‹ስ› ብቻቸውን አይቆሙም፤ ሌላው ላይ ተደግፈው ነው የሚወጡት» አለች። ከዚህ የበለጠ የሳድስ፣ ማለትም የስድስተኛው ፊደል፣ ትምህርት ከየት ይመጣል? የትኛው የሰዋስው መጽሐፍ ነው እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳው?

ታዲያ ጉዳዩ በዚህ አያልቅም። ሳድስ ሁልጊዜ ተደግፎ አይወጣም። «ወንድ» ሲባል «ድ» ተደግፎ ነው፤ «ድመት» ሲባል ግን ያው «ድ» ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ድ፣ መት። ፊደሉ አንድ ነው፣ ዓይን ልዩነቱን አያይም፣ ጆሮ ግን ወዲያው ይለየዋል። ስለዚህ ሕግ አታስጠኑ። «ሳድስ እንዲህ ሲሆን ይቆጠራል፣ እንዲያ ሲሆን አይቆጠርም» እያላችሁ ሠንጠረዥ አትሥሩ። በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ልሳኑ ያውቀዋል። እናንተ አስጨብጭቡት ብቻ።

ገና ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ ይህ ለእናንተ የተመቸ ነው። ፊደል የማያውቅ ልጅ በዚህ ጨዋታ ፊደል የሚያውቀውን ይበልጠዋል፤ የሚያሳስተው ወረቀት የለማ! መንገድ ላይ፣ ልብስ ስታለብሱት፣ ውሃ ስታስነኩት፣ የዕቃውን ሁሉ ስም እየጠራችሁ አጨብጭቡ። መስ፣ ኮት። ጨ፣ ረ፣ ቃ። ብር፣ ቱ፣ ካን። ቃሉ ይጥበቅ ይላላ አትጨነቁ፤ መጥበቅ ምቱን ያከብደዋል እንጂ አይጨምርበትም።

ሁለተኛው ነጥብ ሐረግና ምጣኔ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የምወደው ክፍል ነው።

ለልጆች ብዬ የጻፍኳት አንዲት ሁለት ስንኝ አለችኝ። እስቲ ስሙኝማ፦

ጨረቃ ስትወጣ፣ ከደመናው በላይ፣
ድመቷ ቁጭ ብላ፣ ልቧ ሰማይ ሰማይ።

አሁን አብራችሁኝ አጨብጭቡ። አትፈሩ፣ ማንም አይታዘባችሁም። ጨ፣ ረ፣ ቃ፣ ስት፣ ወ፣ ጣ። ስንት? ስድስት። ከ፣ ደ፣ መ፣ ናው፣ በ፣ ላይ። ስንት? ስድስት። ድ፣ መ፣ ቷ፣ ቁጭ፣ ብ፣ ላ። ስድስት። ልብ፣ ቧ፣ ሰ፣ ማይ፣ ሰ፣ ማይ። ስድስት። ፊደል እንቁጠር ብንል ሰባት፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ስምንት ነበር የሚሆነው። ልጆች ይህን ሲደርሱበት የሚያሳዩትን ፊት ባያችሁ! የተደበቀ ነገር ያገኙ ነው የሚመስላቸው፤ በእርግጥም አግኝተዋል።

በመካከል ትንፋሽ የምንወስድበት ቦታ አለ፤ «ስትወጣ» ካልን በኋላ። እስከዚያ ያለው አንድ ሐረግ ነው፤ ሁለቱ ሐረጎች አንድ ስንኝ ይሆናሉ። «ሐረግ ማለት የስንኝ ግማሽ አካል ነው» ብላችሁ ማስጻፍ አያስፈልጋችሁም። «የት ላይ ተነፈስክ?» በሉት፤ ያሳያችኋል።

ምጣኔ ምን እንደሚሠራ ለማየት ደግሞ ስንኙን እናበላሸው። «ድመቷ ቁጭ ብላ» ያለውን «ድመቷ ግን ቁጭ ብላ» አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ሕፃናቱ ወዲያው ይስቃሉ፣ «ተሰናከለ!» ይላሉ። ሰባት ሆነ። አሁን ደግሞ «ድመቷም ቁጭ ብላ» በሏቸው። ፊደል ጨመርን አይደል? ግን አልተሰናከለም! «ም» በ«ቷ» ላይ ተደግፋ አለፈች። ልጁ ይህን ካየ በኋላ የራሱን ስንኝ ለማቃናት የእናንተን እርማት አይጠብቅም፤ የትኛዋን ቃል ማውጣት፣ የትኛዋን መክተት እንዳለበት በእጁ መዳፍ ያውቀዋል።

ቀጥሎ የምሰጣቸው ሥራ ይኸው ነው፤ ያችኑ ድመት፣ ያችኑ ጨረቃ ይዛችሁ በአምስት በአምስት አምጡልኝ እላቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል፦

ጨረቃ ወጣች፣ ሰማዩ ጠራ፣
ድመቷ ነቃች፣ ወጣች ከጣራ።

ምን ተለወጠ? ድመቷ ተነሣች! በስድስት ስድስቱ ቁጭ ብላ ስትመኝ የነበረችው፣ በአምስት አምስቱ መሮጥ ጀመረች። እንቀጥል፣ በአራት በአራት፦

ጨረቃዋ፣ ደምቃ ወጣች፣
ድመቲቱ፣ ዘላ መጣች።

አሁንማ ዘለለች። እዚህ ላይ ልጆቹን ከወንበር አስነሥቼ በክፍሉ ዙሪያ አስኬዳቸዋለሁ፤ አንደኛውን ስንኝ እያሉ ሲሄዱ ቀስ ይላሉ፣ ሦስተኛውን ሲሉ ይዘላሉ። ማንም «ዝለሉ» አላላቸውም። ታሪኩ ያው ነው፣ ድመቷ ያችው ናት፣ ጨረቃዋ ያችው ናት፤ የተለወጠው ልኩ ብቻ ነው። ልኩ ሲለወጥ የድመቷ ጠባይ ተለወጠ። ቅርጽ ከይዘት ጋር ምን ዝምድና አለው እያልን በትልልቅ ቃላት የምንከራከርበት ነገር እኮ ይኸው ነው። ልጆቹ በእግራቸው ያውቁታል።

ስሞቹን የምነግራቸው ከዚህ በኋላ ነው። አራት አራቱ ቡሄ በሉ ይባላል፣ ስንኙ 8 ቀለም። አምስት አምስቱ ሰንጎ መገን፣ 10 ቀለም። ስድስት ስድስቱ የወል ቤት፣ 12 ቀለም። ስሙ እንደሚለውም የወል ነው፤ አማርኛ ለግጥም አፉን ሲከፍት በብዛት የሚቀናው ይኸኛው ነው። ስምንት ስምንቱ፣ 16 ቀለም ያለው ረጅሙ፣ በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የጸጋዬ ቤት ተብሏል። እሱን ለትንንሾቹ አትስጧቸው፤ ትንፋሻቸው አይደርስም፣ መካከል ላይ በማያገባ ቃል ይሞሉታል። ከፍ ያሉት ይሞክሩት።

እዚህ ላይ ከርእሴ ትንሽ ልውጣ። የቅኔ ቤትን ታውቃላችሁ። እዚያ «ቤት» ስንኝ ነው፣ «መቁጠር» ደግሞ ቅኔ መድረስ ነው። የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ የተባለ ቅኔ አይቆጥርም። ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት ብቻ! ያችን ደጋግሞ ይቆጥራታል፣ ለመምህሩ ይነግራታል፣ መምህሩ ያቃኑለታል፣ ተመልሶ ይቆጥራታል። ደረጃ በደረጃ ነው ወደ ረዣዥሙ የሚወጣው። ልብ በሉ፤ ለመምህሩ ይነግራታል ነው ያልኩት። ጽፎ አያስረክብም፤ በቃሉ ይላታል፣ እሳቸውም በጆሮ ሰምተው ነው የሚያርሙት። እኛስ? አንድ ልጅ ሁለት ስንኝ በጆሮው ሳያቃና «ስለ ሰላም ሦስት አርኬ ግጥም ጽፋችሁ ሰኞ አምጡ» እንላለን። ሦስት አርኬ! ስለ ሰላም! ለሰኞ! እስቲ ከእናንተ ውስጥ ይህን የሚችል እጁን ያንሣ። አያችሁ?

ግጥም ያለ ቤት መቆም ይችላል ወይ የሚል ካለ፣ ይችላል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ግጥም በጥቅሉ ቤት አይመታም ነበር፤ የድምፁን እርዝመትና እጥረት ነበር የሚለኩት። ጃፓናውያን ሃይኩ የሚሉት አጭር ግጥም 5፣ 7፣ 5 እየተባለ በ17 ድምፅ ይለካል፤ ቤት መምታት ግዴታው አይደለም። ሁሉም ግን ልክ አላቸው። እኛ ቤቱን ስለምንወደው ልኩን ረሳነው። በአማርኛ ልኩም ቤቱም አብረው ሲመጡ ነው ደስ የሚለው፤ ቤት መትቶ ልኩ የተዛባ ስንኝ ግን አያስጨፍርም፣ በቃል አይያዝም፣ ከአዳራሽ እንደወጣን ይጠፋናል።

ይኸው ደግሞ ወደ ተጠላው ቤት መምታት ደረስን። ሦስተኛው ነጥቤ ነው። እንደማልጠላው አሁን ታያላችሁ።

ቀለም ቆጥሮ፣ ሐረግ ለይቶ የመጣ ልጅ ቤት መምታትን ለመስማት የተዘጋጀ ጆሮ አለው። መጀመሪያ በዓይን ቤት እንዳይመታ ጠብቁት። «ደረሰ» እና «ነገሠ» አንዱ በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ ተጽፈው ሲያይ «አይመታም» የሚል ልጅ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ይስማቸው፤ ይመታል። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንደዚያው፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። የፊደል አጻጻፍ ትምህርት ሌላ ክፍለ ጊዜ አለው።

ከዚያ በጣም አስፈላጊዋ ነገር ትመጣለች። ስንኙ አናባቢ ባለው ፊደል ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ፊደል ከተመሳሰለ ጆሮ ይረካል፤ «ጠራ» እና «ጣራ» በ«ራ» ተገናኝተዋል፣ አበቃ። በሳድስ ሲያልቅ ግን የመጨረሻው ፊደል ብቻውን አያጠግብም፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። ያችን ላም አስታወሳችኋት? «ሄደች» እና «ተኛች»። ሁለቱም በ«ች» አለቁ፤ ግን «ደች» እና «ኛች» አይገናኙም። «ወጣች» እና «መጣች» በሏቸው፤ ልዩነቱን ሰማችሁ? «በላይ» እና «ሰማይ»ም የተገናኙት «ይ»ን ብቻ ይዘው አይደለም፤ ከፊቷ ያለውን የ«ኣ» ድምፅም ይዘው ነው። ይህን ለልጆች ስታሳዩ «የተሳሳተ ቤት» አትበሉ። «ይህ ቤት በሩ አልገጠመም፣ ገርበብ ብሏል» በሏቸው፤ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ጨዋታው። ስሙን «ግስ ክልክል ነው» ብዬዋለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ የስንኙ የመጨረሻ ቃል ግስ መሆን አይችልም። ግሱን ወደ ፊት አምጡት፣ ወደ መካከል ጎትቱት፣ ከፈለጋችሁ ጨርሶ ጣሉት፤ መጨረሻ ላይ ግን እንዳላየው።

መጀመሪያ ዋይታ ይሆናል። «አይቻልም!» ይላሉ፤ የለመዱት ጭራ ተቆረጠባቸዋ! አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ፤ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ስትጠራ ጠረጴዛው ሥር መግባት የሚቃጣት ልጅ ናት። መጀመሪያ የጻፈችው «ዝናብ ዘነበ፣ መሬቱ ረጠበ» የሚል ነበር። ቤቱ ይመታል፣ ግን ሁለቱም ግስ ናቸው። አልተቀበልኳትም። ተመልሳ ሄደች። «ዘነበ» የሚለውን ወደ ፊት አመጣችው፦

ዘነበ ዝናቡ፣ ሌሊቱን በሙሉ፣

እዚህ ላይ ቆመች። ስድስት ስድስት ሞልቷል፣ አጨብጭባ አረጋግጣለች። ቀጣዩ በ«ሉ» ማለቅ አለበት፣ ግስ መሆን ደግሞ አይችልም። «ጣራው እንደ ከበሮ ጮኸ» ማለት ነው የፈለገችው፤ «ጮኸ» ግስ ነው። «ቅጠሉ አጨበጨበ» ማለት ነው የፈለገችው፤ «አጨበጨበ»ም ግስ ነው። እርሳሷን እያኘከች ብዙ ቆየች። ከዚያ ይዛው የመጣችው ይኸ ነው፦

ዘነበ ዝናቡ፣ ሌሊቱን በሙሉ፣
ጣራችን ከበሮ፣ ጭብጨባ ቅጠሉ።

እስቲ ስሟት! «ጣራችን ከበሮ»። «እንደ» የለም፣ «ሆነ» የለም፣ «ይመስላል» የለም። ጣራው ራሱ ከበሮ ነው። ስለ ተለዋጭ ዘይቤ አንድም ቃል አላስተማርኳትም። ግሱን ስከለክላት ዘይቤው ራሱ መጣ፤ ግሱ የያዘውን ቦታ ሲለቅ የሚሞላው ምስል ብቻ ነበረና። ከዚያ በኋላ ነው «ይህ ያደረግሽው ነገር ተለዋጭ ይባላል» ያልኳት። «‹እንደ› ብትጨምሪበት ተነጻጻሪ ይሆን ነበር» አልኳት። «እንደ ብጨምር ስድስቱ ይበላሻል» አለችኝ። ምን ልበላት? ልክ ናት።

ስለ ሰምና ወርቅ ብዙ አልልም፤ ብዙ ሰው ያወራለታል። ለልጆች ግን መግቢያው መጥበቅና መላላት ነው። «ለእኔ ዋናው ነገር ዋና ነው» ብላችሁ ጻፉላቸውና አንብቡ በሏቸው። አንዱን አጥብቆ ሌላውን አላልቶ ያነበበ ልጅ ይስቃል። በሁለቱም ቦታ ሊላላም ሊጠብቅም የሚችል ቃል ፈልጉ ስትሏቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ቤታችሁ ሰላም አያገኝም። አርኬንም እንደዚሁ በአጭሩ፤ ስንኞቹ አንድ ሐሳብ ጨርሰው ሲያርፉ መስመር ዝለል ማለት ይበቃል።

አንድ ቅሬታ ግን ሳልናገር አልወርድም፤ ወረቀቱን ሲያነሡ አይቻለሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ። በአንድ የሕፃናት የግጥም ውድድር ዳኛ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ልጆቹ ይወጣሉ፣ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ይጮኻሉ፣ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። ግጥሙ ውስጥ ግን «ርዕዮት» አለ፣ «ትውልዳዊ ኀላፊነት» አለ! የስምንት ዓመት ልጅ ነው! ከውድድሩ በኋላ አንዱን ጠርቼ «ርዕዮት ምንድን ነው?» አልኩት። «አባቴ ያውቃል» አለኝ። ወላጆች፣ እባካችሁ፣ እለምናችኋለሁ፣ ለልጆቻችሁ ግጥም አትጻፉላቸው! ልጁ የጻፋት አንካሳ ሁለት ስንኝ እናንተ ከጻፋችሁት ሃያ ስንኝ ትበልጣለች። እርማት ካስፈለገ ቀይ እስክሪብቶ አታንሡ፤ «አጨብጭበህ አንብብልኝ» በሉት። የሚሰናከልበትን ቦታ እሱ ራሱ ያገኘዋል። ካላገኘውም ይተዉት፤ ነገ ይሰማዋል።

«ነጻ ግጥምስ?» የሚል ጥያቄ ከኋላ ወንበር እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ወጣቶቹ ከገባሁ ጀምሮ እየጠበቁኝ ነው። ነጻ ግጥም ደስ ይለኛል፣ እኔም እጽፋለሁ። ግን ልኩን የሚያውቅ ሰው ነው ልኩን ትቶ ስንኙን የት እንደሚቆርጠው የሚያውቀው። ለልጅ መጀመሪያ ልኩን ስጡት። ከፍ ሲል ይጣለው፣ መብቱ ነው።

ወደ ጥያቄና መልስ ከመግባታችን በፊት ግን ዝም ብላችሁ አትወጡም። አዘጋጆቹ አሁን ወረቀትና እርሳስ እያዞሩላችሁ ነው። አንድ ስንኝ ብቻ፤ ስድስት ስድስት። ስለ ልጃችሁ ቢሆን፣ ልጅ የሌላችሁ ስለ ጎረቤታችሁ ልጅ። መጨረሻው ላይ ግስ ክልክል ነው። በፊደል የሚቆጥር ካገኘሁ ወደ ፊት አውጥቼ አስጨበጭበዋለሁ። እናንተ ከግራ በኩል ጀምሩ፤ ማይክራፎኑ ወደዚያ ይሂድ።